ከካራማራ ወዲያ፦ ሐኪሙ፣ አስተርጓሚዋና የውኃው ቦቴ

በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. ዶክተር ሮበርት ሆክማን የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ደገሃቡር ላይ ሞቱ። አዲስ አበባ ጉለሌ ከነበረው የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ተነሥተው፣ ከኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንሶች አንዱን እየመሩ ወደ ኦጋዴን ግንባር የወረዱ ወጣት ነበሩ። የጣልያን አውሮፕላን የጣለው አንድ ቦምብ ሳይፈነዳ ቀርቶ ነበር። ሰው እንዳይጎዳ ሊያመክኑት ሲሞክሩ እጃቸው ላይ ፈነዳ። ስለዚያ ግንባር የጻፉ የውጭ ሰዎች ይህን ሞት አይዘሉትም።

እኔ የጡረታ ነርስ ነኝ። ጅግጅጋ ተወልጄ አደግሁ፤ ሙያውን ሐረር ተማርኩ። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት ከካራማራ ወዲያ ባለው ሜዳ፣ በስደተኞች ካምፕ ውስጥ፣ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ተራድኦ ድርጅት ተቀጥሬ ነው። የሆክማንን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ሐሳቤ ከቦምቡ ቀድሞ ወደ ሥራው ይሄዳል። ያ ሁሉ ፋሻ በየትኛው ውኃ ታጠበ? መርፌው የተቀቀለበትን እንጨት ማን ለቀመ? ሶማሊኛ ብቻ የሚናገረው ቁስለኛ የት ላይ እንደሚያመው ለአሜሪካዊው ሐኪም ማን ነገረለት? የሚሲዮን ሕክምና ከሐረር ወደ ኦጋዴን በሚወርደው በዚህ ጎዳና ላይ ያን ያህል ዘመን ሊቆም የቻለው እነዚህን ጥያቄዎች በየቀኑ የሚመልሱ የአገር ሰዎች ስለነበሩ ነው። የእነሱ ስም ግን በመጻሕፍቱ ውስጥ የለም። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። የጣልያን ወረራ መስከረም 22 ቀን 1928 ሲጀመር ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም። አገሪቱ የራሷ ሐኪም አልነበራትም ማለት ይቻላል፤ ስመ ጥሩው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በዚያን ጊዜ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። የማኅበሩ ጸሐፊ ሆነው የተሾሙት ዶክተር ቶማስ ላምቢ ራሳቸው ሚሲዮናዊ ናቸው። መጀመሪያ በወለጋ ሳዮ ሕዝብ ሲያክሙ ቆይተው፣ በኋላ የጉለሌውን ሆስፒታል ያሠሩት እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ለጦር ሜዳ ሐኪም ሲፈለግ በቅርብ የተገኙት የሚሲዮን ሰዎች ናቸው። ወንጌል ሊሰብኩና ሕሙማን ሊያክሙ የመጡት በጥቂት ወራት ውስጥ የጦር ሜዳ ሐኪሞች ሆኑ። ሐረር አካባቢ ይሠራ ከነበረው የስዊድን ሚሲዮን ወገን ዶክተር ጉናር አጌም ወደዚሁ ወደ ኦጋዴን ግንባር ወረዱ።

የዚያ ዘመን አምቡላንስ ዛሬ ሲሪን እያሰማ የሚሮጠው መኪና እንዳይመስላችሁ። ድንኳን፣ የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ፣ የፋሻ ጥቅል፣ ክሎሮፎርም፣ ምግብ አብሳይ፣ ዘበኛ፣ በቅሎና የጭነት መኪና ያለው ተንቀሳቃሽ ሆስፒታል ነበር። የግንባሩ አዛዥ ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል መጀመሪያ ጅግጅጋን ማዕከል አድርገው ኋላ ወደ ደገሃቡር ሲወርዱ ሕክምናውም ተከትሏቸው ወረደ። ከጅግጅጋ ደገሃቡር 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁስለኛ በጭነት መኪና ተጭኖ በዚያ አቧራ ወደ ጅግጅጋ ይመጣል፤ ካራማራን ወጥቶ፣ ፋፈንን ተሻግሮ፣ በባቢሌ አድርጎ ሐረር ይገባል። ዕድል ካለው ከዚያ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ ባቡር ያገኛል። ሆዱ የቆሰለ ሰው ይህን መንገድ አይችለውም። የሚችለው እግሩን ወይም እጁን የተመታው ነው፤ እሱም ቁስሉ ሳይመረቅዝ ከደረሰ።

ለዚህ የግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ሞት ምስክር ነው። የቆራሄን ምሽግ ይጠብቁ የነበሩት እኒህ አርበኛ በጥቅምት 1928 በአውሮፕላን ድብደባ ቆሰሉ። ወደ ኋላ ሄደው እንዲታከሙ ቢለመኑ፣ እኔ ከሄድኩ ወታደሩ ይበተናል ብለው እምቢ አሉ፤ ቁስሉ መርቅዞ ገደላቸው። የፈሩትም ደረሰ፤ እሳቸው ሲሞቱ ምሽጉ ተለቀቀ። የታሪክ ሰዎች ይህን ስለ ጀግንነት ይተርኩታል፤ ይገባቸዋልም። እኔ በሙያዬ ሳየው ደግሞ በቆራሄና በቀዶ ሐኪሙ ቢላ መካከል የነበረው ርቀት ይታየኛል። የሞተ ሥጋ በጊዜው ካልተቆረጠ መርዙ ደም ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ደግሞ ፔኒሲሊን የሚባል ነገር በዓለም ገበያ ላይ አልነበረም።

ውኃውስ? ደገሃቡር የጀረር ወንዝ ዳር ናት። ጀረር ግን ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚወርድ፣ ከዚያ አሸዋውን ትቶ የሚጠፋ ወንዝ ነው። ሰው በአሸዋው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ይጠጣል፤ ግመሉም፣ ፍየሉም ከዚያው ነው። በ1928 ሠራዊት ሲጨመርበት ምን ያህል እንደተጨናነቀ ያን አገር የሚያውቅ ሰው አይጠፋውም። ቁስል ለማጠብ ውኃው መጣራት አለበት፤ ከተጣራ በኋላ መፍላት፣ ከፈላ በኋላ መቀዝቀዝ አለበት። ይህን ጎሕ ሳይቀድ የሚጀምር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ሐኪም አልነበረም።

በዚህ ጎዳና ከመስቀሉ ጎን ቀይ ጨረቃም ነበረች። ግብፆች በልዑል እስማኤል ዳውድ የሚመራ የሕክምና ቡድን ልከው ሐረርና ጅግጅጋ ላይ ሠርተዋል። እስላሙ የጅግጅጋ ሕዝብ ሙስሊም ሐኪሞችንና ክርስቲያን ሚሲዮናውያንን በአንድ ወቅት አየ፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ፋሻ ያስሩ ነበር። ለኋላው ዘመን ይህ ትልቅ ስንቅ የሆነ ይመስለኛል። የኛ አካባቢ ሰው ነጭ ሐኪም ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ‹‹ምን ያስተምራል?›› ሳይሆን ‹‹እጁ እንዴት ነው?›› ብሎ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ።

ጅግጅጋ በመጋቢት 1928 በቦምብ ተደበደበች። ደገሃቡር ሚያዝያ 22 ተያዘች፤ ሚያዝያ ሳያልቅ ጅግጅጋና ሐረርም ተያዙ። የአምቡላንሶቹ ሥራ በዚያው አበቃ።

የሚሲዮን ሕክምናው በ1928 የተጀመረ አይደለም። ፈረንሳውያን ካፑቺን መነኮሳት ሐረር የገቡት እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። ልዑል ራስ መኰንን ሐረርን ሲያስተዳድሩ፣ መነኮሳቱ እ.ኤ.አ. በ1901 በከተማዋ ዳር የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ከፈቱ። የራስ መኰንንን ልጅ የተፈሪ መኰንንን ትምህርት የረዱት ሞንሴኞር አንድሬ ዣሮሶም ከዚሁ ከካፑቺን ማኅበር ናቸው። ስለ መታከሚያው የሚያስደንቀኝ፣ መሥራቹ አባ ማሪ በርናር ማተሚያ መሣሪያ አስመጥተው እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ማሳተማቸው ነው። በዚያ ዘመን የሥጋ ደዌ በሽተኛ ከሰው ተለይቶ የሚለምን ነበር። ከሶማሌው ቆላ በግመል ተጭኖ ለሚመጣው ሕመምተኛ ሐረር የመጨረሻው በር ነበረች። እኔ ሐረር ስማርም ከጅግጅጋ ወገን የሚመጡ ሕሙማን ነበሩ። ጣታቸው የተቆራረጠ አረጋውያን ሲፈወሱ እንኳ ወደ ቤት መመለስ ይፈሩ ነበር።

ከነጻነት በኋላ፣ በነሐሴ 1936 ዓ.ም. መንግሥት የሚሲዮኖችን ሥራ የሚወስን ደንብ አወጣ። አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በጸናችበት ሚሲዮን ማስተማርና ማከም እንጂ ሃይማኖት መስበክ አይችልም፤ ‹‹ክፍት›› በተባለው ግን ይፈቀድለታል። የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ታዘዘ። የሶማሌው አገር ከክፍቱ ወገን ሆነ። በወረቀት ክፍት ይሁን እንጂ ሰውየው የጸና ሙስሊም ስለሆነ ስብከት አልሠመረም፤ የሠመረው ክሊኒኩ ነው። በዚያው ዘመን ሜኖናይቶች ለዕርዳታ መጥተው ናዝሬት ላይ የጥጥ መዳመጫ የነበረ ሕንፃ ሆስፒታል አደረጉ፤ ኋላም ወደ ሐረርጌ ዘልቀው ደደር ላይ ሠሩ። ለእኛ የሚሲዮን ሆስፒታል ትልቁ ስጦታ ድሬሰር ነው። ጥቂት ዓመት የተማረ፣ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ገጠር ወርዶ ብቻውን የሚቆም የአገር ልጅ! ሐኪም በሌለበት አገር ድሬሰሩ ሐኪም ነበር። ሕዝቡም ‹‹ዶክተር›› ብሎ ይጠራው ነበር፤ አላጋነነም።

በመስከረም 1970 ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር ስትያዝ ቤተሰባችን ወደ ሐረር ሸሸ፤ አባቴ ወታደር ነበር። የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ድል ሆነ፤ እኛም ተመለስን። ክሊኒኮቹ ተዘርፈው፣ አልጋዎቹ ለማገዶ ተሰባብረው አገኘናቸው። ከዚያ በላይ ስለ ጦርነቱ መጻፍ የኔ ፋንታ አይደለም።

የማውቀውን በዓይኔ ያየሁት በሐርቲሼክ ነው። በግንቦት 1980 ዓ.ም. በሰሜን ሶማሊያ በቡርኦና በሐርጌሳ ውጊያ ተነሣ፤ የዚያድ ባሬ መንግሥት የራሱን ከተማ በአውሮፕላን ደበደበ። ሕዝቡ ወደኛ ፈለሰ። ከጅግጅጋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያለችው ሐርቲሼክ ትንሽ መንደር ነበረች። ካምፑ ሲሞላ ከ250,000 ሰው በላይ ያዘ፤ በዓለም ላይ ከነበሩት የስደተኛ ካምፖች ሁሉ ትልቁ ይባል ነበር። የመጡት ዘላኖች ብቻ አልነበሩም። መምህሩ፣ ሾፌሩ፣ የባንክ ጸሐፊው፣ እንደኔው ነርስ የነበረችው ሴት ሁሉ መጡ። በመኪና ፍራሽ ጭነው የመጡ አሉ፤ ልጅ አዝለው በእግር የመጡት ግን ይበዛሉ። እንጨት አጉብጠው፣ ጨርቅና ፕላስቲክ አልብሰው አቃል ሠሩ። ሜዳው ከአድማስ እስከ አድማስ አቃል ሆነ።

ሐርቲሼክ ያኔ ውኃ አልነበራትም። ወንዝ የለ፣ ቅርብ ጉድጓድ የለ፤ ያለው ዝናብ የሚያጠራቅም ቢርካ ነው፣ እሱም በበጋ ይደርቃል። ውኃው ከጀረር ሸለቆ በቦቴ ይመጣ ነበር። የጅግጅጋ ሜዳ መሬት ጥቁር አፈር ነው። ሲዘንብ ቦቴው እስከ ሆዱ ይሰምጣል፤ ሳይዘንብ ደግሞ አቧራው ዓይን ያጠፋል። እኛ ክሊኒክ ውስጥ ሆነን የቀኑን ሥራ የምናውቀው በቦቴው ድምፅ ነበር። ቦቴ ካልመጣ በርሜል ውስጥ የቀረውን አይተን እንደለድላለን። አንደኛ፣ ተቅማጥ ለያዛቸው ሕፃናት የሚበጠበጠው ኦ.አር.ኤስ. እና ለከሱት የሚሰጠው ወተት። ከዚያ እጃችን። ከዚያ የሚቀቀለው መሣሪያ። ወለሉ ደረቁን ይጠረጋል። ፎጣና አንሶላ ይጠብቃሉ። ይህ ቅደም ተከተል በየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ እንዲህ አልተጻፈም፤ የወሰነው በርሜሉ ነው።

ቀናችን በጠዋት ይጀምራል። የውጭ አገር ሠራተኞቹ በትንሽዋ ክፍል ይጸልያሉ፤ መዝሙራቸው ዝቅ ያለ ነው፣ በሩ ይዘጋል። ይህን ያዘዛቸው የለም፤ ሰውን ላለማስከፋት ነው። በግቢው ሌላ ጥግ ዘበኛውና ሾፌሮቹ ሰግደው ያበቃሉ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ግማሹ ሠራተኛ ይጾማል፤ ያኔ ከባዱን ሥራ ከረፋዱ በፊት እንጨርሳለን፣ የሚያጠቡ እናቶችም መጾም እንደማይገደዱ የካምፑ ሼህ ራሳቸው መጥተው እንዲነግሯቸው እንለምናለን። ሼሁ አንድም ቀን እምቢ አላሉም። አንዲት እናት ከሐኪሙ ምክር ይልቅ የሼሁን ቃል ስትሰማ ሐኪሙ ቅር አይለውም ነበር። ልጁ ጡት አገኘ፣ በቃ።

ከጸሎቱ በኋላ ሰልፉ አለ። ልጁ ይመዘናል፣ ቁመቱ ይለካል፣ በክንዱ ላይ ባለ ቀለም ጥብጣብ ይጠመጠማል፤ ቀዩ ላይ ከዋለ ወደ አልሚ ምግብ ድንኳን ይገባል። ኩፍኝ በካምፕ ውስጥ ከገባ የከሳን ልጅ ያጭዳልና ክትባቱ አይታለፍም፤ ክትባቱ በላምባ በሚሠራ ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፣ የላምባው ክር ሲጨስ ሌሊት ተነሥቶ የሚቆርጠው ዘበኛው ነው። አያችሁ፣ የአንድ ካምፕ የክትባት ዘመቻ በአንድ ዘበኛ እንቅልፍ ላይ ይንጠለጠላል።

አስተርጓሚያችን የጅግጅጋ ሴት ነበረች፤ በዕድሜ ስለምትበልጠን ሁላችን በሶማሊኛ ኤዶ (አክስት) እንላታለን፣ እሷ ደግሞ እኔን ሲስተር ትለኛለች። ሐኪሙ ‹‹ልጁ ስንት ቀን አስቀመጠው?›› ብሎ ይጠይቃል። ኤዶ ግን ጥያቄውን ወዲያው አታስተላልፍም። መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ እናቲቱን ስለ ዘመዶቿ፣ ስለ መጣችበት መንገድ ትጠይቃታለች። ባልየው በአጠገቧ ካለ ‹‹አባባ፣ እስቲ ካርዱን ያዙልን›› ብላ በዘዴ ታርቀዋለች። ከዚያ በኋላ እውነተኛው ነገር ይመጣል፤ ልጁ ሁለተኛ ነው፣ የመጀመሪያው በመንገድ ሞቷል፣ ወተቷ ደርቋል፣ ስንዴውን ሸጣ ስኳር ገዝታለች። መጀመሪያ ላይ የውጭ ሐኪሞቹ ይቸኩሉ ነበር። በኋላ አንዱ ‹‹ሲስተር፣ ኤዶ ከሌለች ዛሬ አልሠራም›› ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እነሱ ጥቂት ወር ቆይተው ይሄዳሉ፣ ሌላ ይመጣል። የቀረነው እኛ ነን፤ የትኛው ሠፈር ውኃ ቆሽሿል፣ የማን ልጅ ተመልሶ ከሳ፣ የምናውቀው እኛ ነበርን።

በ1981 ዓ.ም. እግራቸው አብጦ መራመድ ያቃታቸው፣ ድዳቸው የሚደማ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። እኛ ያገሩ ነርሶች አይተነው የማናውቀው በሽታ ነው። ሐኪሞቹም የሚያውቁት ስለ ጥንት መርከበኞች ከሚተርክ መጽሐፍ ነበር፤ ስኩርቪ ይባላል። የቫይታሚን ሲ እጦት ነው። ራሽኑ ስንዴና ዘይት እንጂ አትክልት አልነበረውም። የሶማሌ ዘላን አትክልት ባይበላም አይታመምም፤ የግመል ወተት ያን ቫይታሚን ይሰጠዋል። ግመሉን ያጣ ሰው ግን ወተቱን አጣ፣ ከወተቱም ጋር መድኃኒቱን። ስደተኞቹ ስንዴ መሸጣቸውን እንደ ብልግና የሚቆጥሩ ነበሩ። እኔ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ብዬ አላውቅም። ስንዴውን ሸጣ ሎሚ፣ ቲማቲም፣ አንድ ኩባያ ወተት የገዛች እናት ከራሽን ሠንጠረዡ የተሻለ ታውቅ ነበር። በሐርቲሼክ ሕዝቡ ሲመጣ ሥጋ ነበረው፤ የከሳው ከመጣ ከወራት በኋላ፣ በእኛ እጅ እያለ ነው። ይህን በዕርዳታ ሥራ ውስጥ ያለ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፣ ሊያሳፍረንም ይገባል።

የሐርቲሼክ ካምፕ በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ሰዎቹ በየተራ በመኪና ተጭነው ወደ ሐርጌሳና ወደ ቡርኦ ተመለሱ። ሌላዋ የስደተኞች ካምፕ ቀብሪበያህ ግን ቀረች፤ ውኃዋም በኋላ ከጀረር ሸለቆ በቧንቧ ተሳበላት። ቦቴ ጠብቆ ላደገ ሰው ያ ቧንቧ ምን እንደሆነ መናገር አይቻልም። በ1999 አውበሬ፣ በ2000 ሸደር ከደቡብና ከመካከለኛው ሶማሊያ ለመጡት ተከፈቱ። የሉተራን ወርልድ ፌዴሬሽንም፣ የራሳችን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ተራድኦ ኮሚሽንም በአካባቢው ካምፖች ሠርተዋል። በድሮ ጊዜ ስዊድናዊና አሜሪካዊ ይመራው የነበረውን ሥራ ዛሬ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ የነቀምቴ ልጅ ከጅግጅጋ ልጅ ጋር ሆኖ ይሠራዋል።

ኤዶ አሁን አርጅታለች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ማስታወሷ ግን ከእኔ ይበልጣል። በጅግጅጋ ቤቷ ተቀምጠን የዚያን ዘመን ሠራተኞች እንዘረዝራለን፤ እሷ ትናገራለች፣ እኔ በደብተር እጽፋለሁ። የቦቴ ሾፌሮቹ በመኪናቸው ቁጥር ይመጡላታል፤ ዘበኞቹ በአባታቸው ስምና በጎሣቸው። ያረፉትን ለይተን ምልክት እናደርጋለን። በሕይወት ካሉት አንዳንዶቹ የጡረታ መብት የላቸውም፤ ያኔ በወር ሒሳብ፣ በስንዴና በዘይት ጭምር ይከፈላቸው ስለነበር የሥራ ማስረጃ አልተሰጣቸውም። ከደብተሩ አንዱን ቅጂ ለከተማው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አስገብተናል። ሁለተኛውን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እያደረስን ነው፤ የቀሩን በሐርቲሼክ ዙሪያ ያሉት ናቸው፣ መንገዱ ሲደርቅ እንሄዳለን።